የጢስ ማውጫ ቧንቧ በጣራ ሲያልፍ ዙሪያውን ስለ መድፈን
(በደካ ለተሰበሰቡ አባወራዎችና እመቤቶች የተደረገ ንግግር)



 የጤና ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሚነገራችሁ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድና ስለ እጅ መታጠብ መሆኑን ዐውቃለሁ። ሁለቱም የሚታለፉ አይደሉም፤ ዛሬ ግን የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው። የምንነጋገረው ስለ አንድ ቀዳዳ ነው፤ ይኸውም የምድጃችን የጢስ ማውጫ ቧንቧ የጣራውን ቆርቆሮ በስቶ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የአናጢ ሥራ እንጂ የጤና መኮንን ሥራ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ከጤና ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደዚህ አገር ስመጣ እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ክረምት የደረሰ አንድ ነገር ስለ ሆነ፣ ሌላውን ከመናገሬ በፊት እሱን እነግራችኋለሁ። የቤቱን ሰዎች ስም አልጠራም። ከጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የእኔ የራሴ ነውና ስም መጥራት የሚገባ ቢሆን የሚጠራው የእኔ ነበር።

አንዲት እናት ራሷን እያመማት፣ እያቅለሸለሻትና ጉልበቷ እየከዳት ወደ እኔ መጣች። ከሁለቱ ልጆቿ ታናሹንም ያስመልሰዋል። በክረምት እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ወባን ነውና ደሟን አስመረመርኩ፤ ወባ አልተገኘም። በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ አደረግሁላት፤ 98 አለኝ። «ትንፋሽሽ ደኅና ነው» ብዬ የራስ ምታት ክኒን ሰጥቼ ሸኘኋት። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ እኔም ያንኑ መልሼ አደረግሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን አማቷ አብረዋት መጡ። እኚህ እናት ጥቂት ተመለከቱኝና፣ «ልጄ፣ እሷን የሚያማት እኮ ምጣድ በጣደች ቀን ነው። ገበያ የዋለች ቀን ምንም አትል» አሉኝ። ቀጥለውም እንደ ተራ ነገር፣ ትንሹ ልጅ ከሁለት ሌሊት በፊት ራሱን ስቶ ተሸክመው ወደ ደጅ ሲያወጡት በዝናብ ውስጥ እንደ ነቃ ነገሩኝ።

ይኸን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «የሚብስብሽ መቼ ነው? የት ስትሆኚ ይሻልሻል? ከቤቱ ሰው ሌላ የታመመ አለ ወይ?» ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኔ ግን መሣሪያውን ጠየቅሁና ሴትዮዋን ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ወዲያው ተከትያቸው ወደ ቤቱ ሄድኩ። ማድ ቤቱ ከመኝታው ክፍል ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። ጥሩ ምድጃ አላቸው፤ ምርጥ ተብሎ የሚጠራው፣ ከሲሚንቶ የተሠራው የእንጀራ ምድጃ ነው። ከምድጃው በስተ ኋላ ቧንቧ ተተክሎለት ነበር። ነገር ግን ቧንቧው ከጣራው በታች ክንድ ያህል ሲቀረው ተቆርጧል፤ የጣራውም ቀዳዳ በማዳበሪያ ጆንያና በላስቲክ ተወትፎ ከላዩ ቁራጭ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። አባወራውን «ይኸን ማን አደረገ?» ብለው «እኔ ነኝ» አለኝ። ምክንያቱንም ነገረኝ። ቧንቧውን የተከለው ሰው ቆርቆሮውን በመቀስ ከፍቶ፣ ቧንቧውን አሳልፎ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ለጥፎ ሄዷል። ሲሚንቶው በሁለት ወር ተሰነጠቀ። ዝናቡ በቧንቧው ገላ እየተንጠባጠበ ወርዶ በጋለው ምጣድ ላይ አረፈ፤ ሁለት ምጣድም ተሰነጠቀባቸው። ምጣድ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ እናቶች ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሰውየው በእጁ ባለው ነገር ውኃውን አቆመ። ማታ ማታም ብርድ ስለ ሆነ ፍሙን ከምድጃው ሳያወጡ በሩን ዘግተው ይተኙ ነበር።

ልወቅሰው አልቻልኩም። ካፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው፤ እዚህ ጣራ ያፈሰሰበት ሰው ነገ እደፍነዋለሁ ብሎ አይተኛም። የዝናቡን ቀዳዳ ሲደፍን የጢሱን መንገድ አብሮ መድፈኑን የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ጢሱ ልንገራችሁ። ጢስ ስንል የምናየውን፣ ዐይን የሚያስለቅሰውንና ግድግዳ የሚያጠቁረውን ብቻ እናስባለን። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ላይ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፤ ከዚህም ውስጥ 237 ሺህ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እነዚህ በሳንባ ምች፣ በልብ ሕመም፣ በአንጎል ደም መፍሰስና መርጋት፣ በሳንባ ሕመምና በሳንባ ካንሰር የሞቱ ናቸው። በጀርባዋ ልጅ አዝላ የምትጋግር እናት የምትስበውን አየር ልጅዋም አብሮ ይስበዋል።

ከሚታየው ጢስ ጋር ደግሞ የማይታይ አብሮ ይወጣል። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዐይን አያቃጥል፣ አያስል። እንጨትም ሆነ ከሰል ወይም ጋዝ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወለድ አየር ነው። በተለይ የከሰል ፍም ጢስ የሌለው መስሎን ወደ መኝታ ቤት የምናስገባው እየተሳሳትን ነው፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር ይኸ አየር በብዛት ይወጣል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚያዞር ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። በቅሎዋ ላይ ሌባው ቀድሞ ሲጫን ባለቤቷ በእግሩ ይሄዳል እንደ ማለት ነው። ደሙ ይዞራል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገንን አልጫነም። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። ከዚያ አእምሮ ይደበዝዝና ሰውየው ተነሥቶ በር መክፈት እንኳ ያቅተዋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች በማኅፀን ያለው ፅንስ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።

ያ በጣት የሚደረገው መለኪያ 98 ያለኝ ለምን እንደ ሆነ አሁን ልነግራችሁ እችላለሁ። መሣሪያው የደሙን ቀለም እያየ የሚገምት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘው ደም ደግሞ ደማቅ ቀይ ስለ ሆነ ለመሣሪያው ኦክስጅን የሞላው ይመስለዋል። ይኸን ተምሬው ነበር፤ በፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ግን ረሳሁት።

እንግዲህ ወደ ጣራው እንውጣ። ቧንቧውን እንዳይቆረጥ የሚያደርገው ስለ ጢስ መስበክ ሳይሆን ዙሪያው ውኃ እንዳያስገባ ሆኖ መደፈኑ ነው። ውኃ የማያስገባ ቧንቧን ማንም አይነካውም።

ሲሚንቶው ለምን ተሰነጠቀ? ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። 3 ሜትር ቁመት ያለው የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። እንግዲህ በጋገራችሁ ቁጥር ቧንቧው በቀዳዳው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ይመለሳል ማለት ነው። ሲሚንቶ ደግሞ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ አንዱ መሰንጠቅ አለበት፤ የሚሰነጠቀውም ሲሚንቶው ነው። ሬንጅም ቢቀባ በሙቀት ይፈሳል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። ላስቲክና ጎማ ይቀልጣል። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ሲሊኮንም የእንጨት ምድጃ ቧንቧን ሙቀት አይችልም፤ ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ሌላ ዐይነት አለ፤ እሱም ቢሆን ረዳት እንጂ ዋና ሠራተኛ አይደለም። «ምን እንለጥፍበት?» ብሎ የሚነሣ ሰው ከመጀመሪያው መንገዱን ስቷል። መጠየቅ ያለበት «ውኃው በየት በኩል ይውረድ?» ተብሎ ነው።

ይህን ከሣር ክዳን ቤት መማር ትችላላችሁ። የሣር ክዳን ሙጫ የለውም፤ ግን አያፈስም። የላይኛው እጀታ ሣር በታችኛው ላይ ስለሚደረብ ውኃው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ይወርዳል። የእንሰት ቅጠል ስንደራርብም እንደዚሁ ነው፤ የላዩ ቅጠል ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይተኛል። በቧንቧው ዙሪያም የምናደርገው ይህንኑ በላሜራ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ። ቧንቧው ቆርቆሮውን የሚበሳው በተቻለ መጠን ወደ ጣራው ጫፍ ቀርቦ ቢሆን ይሻላል። ከበላዩ ያለው ቆርቆሮ ባጠረ ቁጥር ወደ ቀዳዳው የሚንደረደረው ውኃ ያንሳል፤ ጢሱም የተሻለ ይሳባል። የምትበሱት ቦታ ግን ወራጅና ሞራሌ የሌለበት ይሁን። አንድ ግድግዳ ብቻ ያለው የእንጨት ምድጃ ቧንቧ ከማንኛውም እንጨት 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። እንጨት በየቀኑ እየተጠበሰ ዓመታት ሲቆይ ይደርቅና ቀድሞ በማይቃጠልበት ሙቀት ይቀጣጠላል፤ «ይኸው ሦስት ዓመት ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል የማያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ኮርኒስ ያላችሁም ኮርኒሱን በዚያው መጠን ቅደዱትና ቀዳዳውን በላሜራ ክፈፉት።

ቀጥሎ ከ28 ወይም ከ30 ጌጅ ላሜራ አንድ ሰፊ መቀመጫ ይቆረጣል። ከመቀመጫው መካከል እንደ ቀሚስ ከታች ሰፍቶ ከላይ የጠበበ አንገት ይቆማል፤ ቧንቧው በዚህ አንገት ውስጥ ሳይጣበቅ ጣት እያሳለፈ ይወጣል። ስፌቱ ታጥፎ የተቀጠቀጠ ይሁን፤ በስታኞ ብቻ የተያያዘ እንደ ሆነ ሙቀት ያላቅቀዋል። አሁን ዋናው ነገር መጣ። የመቀመጫው የላይኛው ጠርዝ ከበላዩ ባለው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከበታቹ ባለው ቆርቆሮ ላይ ይተኛል። ያየኋቸው የሚያፈሱ ቧንቧዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ገልብጠውታል፤ መቀመጫው አራቱም ጎኑ በቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ምስማር ተመትቶበታል። ከላይ የሚመጣው ውኃ ይኸን ጠርዝ ሲያገኝ ከሥሩ ይገባል እንጂ ወዴት ይሄዳል? ቀዳዳው ወደ ጫፍ የቀረበ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ላሜራው እስከ ጫፉ ድረስ ይዘረጋና ከጫፉ መሸፈኛ ቆርቆሮ ሥር ይገባል። አናጢው «ይኸማ ላሜራ ያበዛል» ይላችኋል። ያብዛ። ሁለት ምጣድ ከዚያ ይበልጣል።

ምስማሩ ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጀርባ ላይ እንጂ ውኃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይመታም፤ የጎማ ማስቀመጫውም አይረሳ።

ከዚያ ኮሌታው አለ። ከቀሚሱ አንገት በላይ በቧንቧው ላይ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ዙሪያውን የሚታሰር፣ ወደ ታች የተዘቀዘቀ የላሜራ ቀለበት ማለቴ ነው። ይህ በቧንቧው ተጠምዝዞ በብሎን ይጠብቅና የቀሚሱን አፍ ይሸፍናል፤ ግን ከቀሚሱ ጋር አይያያዝም። በቧንቧው ገላ የሚወርደውን ውኃ ኮሌታው ወደ ውጭ ይጥለዋል። ቧንቧው ሲረዝምና ሲያጥር ኮሌታው አብሮት ይወጣል ይወርዳል፤ ቀሚሱ በቦታው ይቆያል፤ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ሙቀት የሚችለው ማጣበቂያ የሚገባው እዚህች ኮሌታና ቧንቧ የሚገናኙባት ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ነው። ቆርቆሮውን የሚያልፈው የቧንቧ ክፍል አንድ ወጥ ይሁን፤ መገጣጠሚያ ከጣራው በላይ አይሁን።

ቤት ውስጥ ባለው መገጣጠሚያ ደግሞ የላይኛው ቧንቧ አፍ በታችኛው ውስጥ ይገባል እንጂ አይገለበጥም። የእንጨት ጢስ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ቅጥራን የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ በዚህ ዐይነት ከተገጠመ ፈሳሹ ተመልሶ ወደ እሳቱ ይወርዳል፤ ከተገለበጠ በግድግዳችሁ ላይ ይዘረገፋል። ስንጥቁን በሸክላ አፈርና በአመድ ለውሳችሁ ድፈኑት፤ ሲሰነጠቅ እንደ ገና መለሰን አያስቸግርም፤ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ነውና።

ቧንቧው ከጣራው ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለው የጣራ ክፍል ሁሉ ደግሞ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። አጥሮ ከቀረ ነፋስ ጣራውን ሲመታ ጢሱን መልሶ ይጨምቀዋል። ኮፍያ ይደረግለት፤ ነገር ግን ኮፍያው ከቧንቧው አፍ የሚርቀው ከቧንቧው ስፋት ግማሽ ማነስ የለበትም። ዝናብ ፈርተን ኮፍያውን አፉ ላይ የጫንንበት ቧንቧ ከተወተፈው ቧንቧ አይለይም። የቧንቧውንም ስፋት ከምድጃው መውጫ አታሳንሱ። ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ በአንድ ቤት ያየሁትን ልናገር፤ ለፍሳሽ የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ለጢስ ማውጫ ተተክሎ ነበር፤ በሌላ ቤት ቀርከሃ። የመጀመሪያው ይቀልጣል፤ ሁለተኛው እንጨት ነው።

አሁን የሚያሳስት አንድ ነገር ላንሣ። የሚንጠባጠብ ሁሉ ዝናብ አይደለም። እንጨት ሲነድ፣ ይልቁንም እርጥብ እንጨት፣ ብዙ እንፋሎት ያወጣል። ጋዝም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ነዶ ሲያልቅ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ ይወጣዋል። የ12 ኪሎ ተኩሉ ሲሊንደር ባዶ እስኪሆን ድረስ ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ውኃ፣ አንድ ጀሪካን ማለት ነው፣ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ እንፋሎት በቀዝቃዛ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውኃነት ይመለስና በመገጣጠሚያው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጠብታ ስታዩ ወደ ጣራ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሰማዩ ጠርቶ እሳት ሲነድ ይንጠባጠባል ወይስ እሳት ሳይኖር ሲዘንብ? እሳት ሲነድ ከሆነ የጣራው ድፈን ጥፋት የለበትም፤ ቧንቧው በጣም ቀዝቅዟል ወይም ማጠፊያው በዝቷል። እንጨቱን አድርቁ። ጠብታው ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ወደ ላሜራው ተመለሱ።

ጋዝ ካነሣሁ አይቀር፣ በከተማው ቤት ያላችሁ፣ ለገላ መታጠቢያ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ብትገዙ በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ አትስቀሉት። ትንሽ ክፍል፣ የተዘጋ በር፣ እንፋሎት፣ እሳት፤ በብዙ አገር ሰው ራቁቱን ወድቆ የተገኘው በዚህ ነው። ጢሱን በራሱ ቧንቧ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ዐይነት ምረጡ፤ ለጋዝ የተሠራው ሁለት ግድግዳ ያለው ቧንቧም ከጣራው ሲያልፍ የነገርኳችሁ መቀመጫና ኮሌታ ያስፈልገዋል። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነና ድስት የሚያጠቁር ከሆነ አየር አጥሮታል። ያልነደደ ጋዝ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ይሸታል፣ ከአየርም ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። የሚገድለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አየር አይሸትም። «ጋዝ ስላልሸተተኝ ደኅና ነኝ» የሚል ሰው ሁለቱን አደባልቋል።

ስለ ሣር ክዳን ቤት ጥያቄ እንደሚኖራችሁ ዐውቃለሁ፤ ከአጠገቤ የተቀመጡት አባት ገና ስጀምር ወደ ላይ ሲያመለክቱኝ አይቻለሁ። የብረት ቧንቧ በሣር ክዳን መካከል አታሳልፉ። የፈለገውን ያህል ላሜራ ብታለብሱት አልመክራችሁም፤ አንድ የእሳት ብናኝ ይበቃዋል። ቧንቧውን በግድግዳው በኩል፣ በድንጋይና በጭቃ በተከበበ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ከክፈፉ ራቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙት፤ ወይም ከቤቱ ተለይታ ትንሽ የቆርቆሮ ማድ ቤት ሥሩ። ጢስ ሣሩን ከተባይ ይጠብቃል፣ ቆጥ ላይ ያለውን ኮረሪማም ያደርቃል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጢስ ተባይ ያባርራል። ነገር ግን ኮረሪማውን ለብቻው ጢስ ያለበት ጎጆ ውስጥ ማድረቅ ይቻላል፤ ሕፃኑን ግን ከዚያው ጎጆ ማስተኛት አያስፈልግም። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ የሚጠጋ እንጨት እንደሚያድን ታውቃላችሁ፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ለተመዘገበው ደናችንም ዕረፍት ነው። ሆኖም እንጨት ያነሰበት እሳት ሁሉ ጢስ የሌለበት አይደለም፤ ቧንቧ ከሌለው ጢሱ ከዚያው ቤት ይቀራል።

ሥራው ሲያልቅ ፈትኑት። አንድ ሰው በደረቅ ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ በጣሳ ውኃ ያፍስስ፤ መጀመሪያ ከቧንቧው በታች፣ ቀጥሎ በጎኑ፣ በመጨረሻ ከበላዩ። ሌላው ከውስጥ ይመልከት። ከሥር ወደ ላይ የሚባለው ውኃው የገባው በየት በኩል እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ ነው፤ ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም አርሶ ምንም ሳያውቅ ይወርዳል። ርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ፤ ጢስ ሳይገድለን ጣራ እንዳይገድለን። የጢሱን መንገድ ለመፈተን ደግሞ እሳቱ ከነደደ በኋላ የሚጤስ ጭራሮ ወይም ዕጣን ወደ ምድጃው አፍ አስጠጉ፤ ጢሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቧንቧው ይሠራል፤ ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ተዘግቷል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ክረምት ሳይገባ፣ ጥቀርሻውን አስጠርጉ። ወፍም ጎጆ ትሠራበታለች።

ራሱን የሳተ ሰው ብታገኙ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፤ ዝናብ ቢዘንብም አውጡት። እሳቱን ለማጥፋት ወይም ውኃ ለማጠጣት ውስጥ አትቆዩ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት፤ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ቢነቃም አምጡት። ስትመጡም «ምጣድ ተጥዶ ነበር፤ ከሰል ነበር» ብላችሁ ንገሩን፤ መጠየቅ ብንረሳ እንኳ ንገሩን።

ያ ቤት ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጆንያውን በዚያው ቀን ነቀልነው። እስኪሠራ ድረስ ለሦስት ሳምንት ከደጅ በላስቲክ ዳስ ሥር ጋገሩ። አባወራው ራሱ ቀሚሱንና ኮሌታውን ከአሮጌ ላሜራ ቆርጦ ሠራው፤ የመጀመሪያውን አበላሽቶ ሁለተኛው ተሳካለት። እሱ ዛሬ እዚህ ከኋላ ቆሟል፤ እንዳልጠራው ስለ ነገረኝ አልጠራውም፤ ግን የሠራውን ላሜራ ይዞ መጥቷልና ንግግሩ ሲያበቃ እየነካችሁ ተመልከቱት። ነገ ጧት ካልዘነበ ከዚህ ሁለት ቤት ዘልቀን የሚያፈስ ቧንቧ አለ፤ እሱን እንፈታለን። መሰላል ያለው ሰው ይዞልን ይምጣ፤ የቆርቆሮ መቀስም ያስፈልገናል፤ የእኔው ደንዟል።